የሚበላና የሚያምር የአትክልት ስፍራ በድሬዳዋና በሐረር ግቢዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢን በአበባ ማሳመርና ጓሮን በአትክልት መሙላት በብዙ ቤት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደርገው ይታያሉ፤ አበባው ለእንግዳ ዓይን ከበሩ አጠገብ፣ ጎመኑና ቃሪያው ደግሞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ይተከላል። ከዚህ በታች የተመለሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ሥራ አንድ ለማድረግ የሚፈልጉ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች ደጋግመው የሚያነሧቸው ናቸው። መልሶቹ ሙቀቱን፣ የውሃውን እጥረትና የቦታውን ጥበት ከግምት ያስገቡ ሲሆኑ፣ በሁሉም ውስጥ የሚመላለሰው ሐሳብ አንድ ነው፤ በዚህ አካባቢ ፀሐይ ሥር ያማረ የሚበላ የአትክልት ስፍራ የሚጀምረው ከጥላ ነው።

የሚበላ ተክል ብቻ ተክሎ ግቢን ማሳመር በእርግጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ እንዲያውም ለሙቀት ከሚስማሙት ተክሎች መካከል ውበታቸው ከፍሬያቸው የማይተናነስ ብዙ ናቸው። ሮማን ከማፍራቱ በፊት የሚያወጣው ደማቅ ቀይ አበባ ለጌጥ ብቻ ከሚተከሉት ቁጥቋጦዎች አበባ በምንም አያንስም። ባሚያን ብዙ ሰው የሚያውቀው በገበያ መደብ ላይ ተከምሮ ነው፤ ማለዳ ወደ ተክሉ ቀርቦ ያየው ግን ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ መሐሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ አበባ ያገኛል፤ አበባው ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልግና በቀናት ውስጥ ቦታውን ለለጋ ፍሬ ይለቃል። ደበርጃን ሐምራዊ አበባና የሚያብረቀርቅ ፍሬ አለው፤ ሚጥሚጣ ሽቅብ የቆሙ ቀያይ ፍሬዎችን ለወራት ይዞ ይቆያል፤ ከርከዴ ከግንዱ ጀምሮ እስከ አበባው ሽፋን ድረስ ይቀላል፤ እንስላል ደግሞ በሳሳና በለሰለሰ ቅጠሉ በሌሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል።

የሚበላ ግቢ ዝርክርክ ሆኖ የሚታየው በተክሎቹ ምክንያት ሳይሆን በአተካከሉ ነው። ችግኝ በተገኘ ቁጥር ባዶ በታየው ቦታ ሁሉ ሲሰካ፣ መደብና መተላለፊያ ሳይለይ ሲቀር፣ ረጅሙ ከፊት አጭሩ ከኋላ ሲሆን፣ ምርቱ ቢኖርም ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይጠፋል። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከመትከል በፊት ማሰብን ብቻ ይጠይቃል።

ለድሬዳዋ የሚሆነው ተክል ለሐረርም ይሆናል?

ሁልጊዜ አይሆንም። ሁለቱ ከተሞች በመኪና የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ቢራራቁም፣ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ይህ ልዩነት በተክሎች ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል እንደ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ያሉት ተክሎች በእነዚያ ወራት አይሆንላቸውም፤ በአንጻሩ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ሮማን፣ ተምር፣ ባሚያና ሀብሃብ ሙቀቱን ይወዱታል። ሐረር ለቆስጣ፣ ለድንች፣ ለካሮት፣ ለአቮካዶና ለቡና የምትመች ስትሆን፣ በኅዳርና በጥር መካከል ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ባሚያና ሀብሃብ ዕድገታቸው ይዘገያል። ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ጊሽጣ፣ ወይንና በለስ በሁለቱም ከተሞች ይበቅላሉ።

ከምን ልጀምር?

ከችግኝ ሳይሆን ግቢን ከመመልከት ይጀምሩ። አንድ ቀን በማለዳ፣ በእኩለ ቀንና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚወድቅ ይመልከቱና መሬቱ ላይ በኖራ ወይም በድንጋይ ምልክት ያድርጉ። በድሬዳዋ ተክልን የሚጎዳው የጠዋቱ ፀሐይ አይደለም፤ ከምዕራብ የሚመጣው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው፤ ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳም ቀን የተቀበለውን ሙቀት እስከ ሌሊት ድረስ ስለሚተፋ ከሥሩ የተተከለ ለስላሳ ቅጠል ሳይውል ሳያድር ይጠወልጋል። ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ያነሰ ርቀት ላይ በመሆኑ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ያዘነብላል፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ይዞራል። ስለዚህ በታኅሣሥ ጥላ የነበረው የግቢ ጥግ በሰኔ ሐሩር ሊመታው ይችላል፤ በአንድ ወቅት የታየን ጥላ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ጥላው ከታወቀ በኋላ ግቢው ሦስት ከፍታ እንዲኖረው ይታሰባል። ከላይ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ወይም የወይን ዳስ፣ ከመካከል እንደ ሮማን፣ ሎሚና ዘይቱን ያሉ ቁጥቋጦዎች፣ ከታች ደግሞ ቅጠላ ቅጠሎችና ተሳቢዎች ይመደባሉ። ዛፉ በስተምዕራብ ቢቆም ለታችኞቹ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሰጣቸዋል፤ የጠዋቱን ፀሐይ ግን አይከለክላቸውም። የጥላው ዓይነትም ይለያያል። የማንጎ ጥላ የደፈነ ስለሆነ ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ ለሚቀመጥበት ቦታ እንጂ ለአትክልት መደብ አይሆንም፤ የሽፈራውና የፓፓያ ጥላ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥራቸው ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንብላል ይበቅላል።

መደቡ ከሁለቱም ወገን እጅ የሚደርስበት ከሆነ ስፋቱ ከ1.2 ሜትር ባይበልጥ፣ በግድግዳ ጥግ ከሆነ ደግሞ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባይዘል ይመረጣል፤ እግር የረገጠው አፈር ይጠጥራልና። መተላለፊያውም ባልዲ የያዘ ሰው የሚያልፍበት መሆን አለበት። የመደቡን ዳር በድንጋይ ወይም በጠጅ ሳር መክበብ ከማንኛውም አበባ ይልቅ ግቢን የተስተካከለ ያስመስላል የሚል እምነት አለኝ፤ ጠጅ ሳሩ ሻይ ላይ ይጨመራል፣ ሥሩም አፈሩን ይይዛል።

የትኞቹን የፍራፍሬ ዛፎች ብመርጥ ይሻላል?

ለመካከለኛ ግቢ ሁለት ወይም ሦስት ዛፎች ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቅርንጫፎቻቸው ይጠላለፉና ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ይመዝዛሉ፣ ፍሬያቸውም ያንሳል።

ለድሬዳዋ አንድ ዛፍ ብቻ ምረጥ ብባል ሮማንን እመርጣለሁ። ኖራ የበዛበትን አፈር ይችላል፣ ድርቅን ይታገሣል፣ ቁመቱን በመግረዝ ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ለጠባብ ግቢ ይስማማል፣ ከቁራጭ ቅርንጫፍም በቀላሉ ይበቅላል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው አንድ ስንዝር ተኩል ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ቢቀበርና እርጥበቱ ቢጠበቅለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር መስደድ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ማፍራት ይጠበቅበታል። ፍሬው የሚሰነጠቀው በአብዛኛው ደርቆ የቆየ አፈር በድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ ስለሆነ፣ ፍሬ ከያዘ በኋላ ውሃው በመጠንና በተመሳሳይ ልዩነት ይሰጠው።

ፓፓያ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊያፈራ ስለሚችል ለአዲስ ግቢ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ከዘር የበቀለ ፓፓያ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ሳያብብ አይታወቅም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተከላል፤ ሲያብቡ በረጅም ዘለላ የተንጠለጠሉ ትናንሽ አበቦች የሚያወጣው ወንዱ ስለሆነ ይነቀላል፤ ከግንዱ ተጠግቶ ትልልቅ አበባ ያወጣው ይቀራል። በአካባቢው ሌላ ፓፓያ ከሌለ ግን አንድ ወንድ መተው ያስፈልጋል። ፓፓያ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ የተኛበት ቦታ ግን ሥሩን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያበሰብሰዋል።

ማንጎ የሚተክል ሰው በግራፍት (የአንዱን ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር በማጋጠም) የተዳቀለ ችግኝ ይግዛ። ከፍሬው የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ስድስትና ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል፣ ቁመቱንም በመግረዝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከቤት ግድግዳ፣ ከውሃ ታንከርና ከፍሳሽ ጉድጓድ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ።

የወይን ዳስ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው። በረንዳ ፊት ለፊት አራት ቋሚ አቁሞ በላዩ ሽቦ በመዘርጋት የሚሠራ ዳስ ከቆርቆሮ ጥላ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠሉ ውሃ ስለሚያተን በሥሩ ያለው አየር ይበርዳል። ወይን በየዓመቱ በደረቁ ወቅት ጠበቅ ተደርጎ መገረዝ ይኖርበታል፤ ፍሬው የሚመጣው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነውና፣ መግረዝ ያሳዘነው ሰው ቅጠል ብቻ ይታቀፋል። ለጋ ቅጠሉም ሩዝ ይጠቀለልበታል።

በሐረር ግቢ ቡና መትከል ይቻላል?

ይቻላል፤ ለመልክም ቢሆን ተስማሚ ነው። ቡና ጥላ ስለሚወድ በአቮካዶ ወይም በዘይቱን አጠገብ ይቀመጣል፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ዝናብ ካገኘ ከቀናት በኋላ ነጭ አበባው ግቢውን በሽታው ይሞላዋል። ጥቂት እግር ቡና የዓመት ቀለብ አይሆንም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ቁጢ፣ ገለባው ደግሞ ሆጃ ለሚባለው ትኩስ መጠጥ ስለሚውል ለሐረር ቤት ከፍሬው ሌላ ጥቅም አለው። በድሬዳዋ ሙቀትና ደረቅ አየር ግን አልመክረውም።

ቦታዬ ጠባብ ነው፤ ቤቱም የኪራይ ነው። ምን ላድርግ?

በዕቃ ውስጥ ይትከሉ፤ ቤት ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። ለበሶብላ፣ ለናናና ለጤና አዳም አምስት ሊትር የሚይዝ ዕቃ፣ ለቃሪያ አሥር ሊትር፣ ለቲማቲምና ለደበርጃን ከአናቱ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ለሎሚ ደግሞ ግማሽ በርሜል ያስፈልጋል። ከታች ውሃ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ምንም ያህል ቢያምር ተክል ይገድላል። የዘይት ቆርቆሮ በድሬዳዋ ፀሐይ ስለሚግል በቀጥታ ብርሃን ላይ ከሆነ ሥሩን ይቀቅለዋል፤ በኬሻ መጠቅለል ወይም በትልቅ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ መካከሉን በአሸዋ መሙላት ይጠቅማል። የሸክላ ዕቃ በጎኑ ውሃ ስለሚያተን ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ ጉድለቱ ቶሎ ቶሎ ውሃ መፈለጉ ነው።

ዕቃዎቹ የተለያዩ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ቀለም መቀባትና በቁመታቸው አደራርጎ በአንድ ጥግ መሰብሰብ ብዙ ይለውጣል። ተጠጋግተው የቆሙ ዕቃዎች እርስ በርስ ጥላ ስለሚሆኑ ውሃም ይቆጥባሉ።

በጀጎል ግንብ ውስጥ ለሚኖሩ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጀጎል እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የቆዩት ቤቶችና አጥሮች ግንባታቸው ድንጋይና ጭቃ በመሆኑ እርጥበትና የዛፍ ሥር ይጎዷቸዋል። በግድግዳው ሥር በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ መደብ መሥራት ወይም ሥሩ የሚበረታ እንደ ሾላ ያለ ዛፍ መትከል ለግንቡ ጉዳት ነው። በጠባቡ የጀጎል ግቢ በዕቃ የተተከለ ሎሚ፣ ሮዝመሪና በሶብላ ይበቃል፤ በነጭ የተቀባው ግድግዳም አረንጓዴውን አጉልቶ ያሳየዋል።

ጓሮ አትክልት መቼ ልዝራ?

በድሬዳዋ ቀዝቀዝ ያለው ወቅት የአትክልት ወቅት ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ተዘርተው እስከ የካቲት ድረስ ይበላሉ። ሙቀቱ ከመጋቢት ጀምሮ ሲበረታ ተራው የባሚያ፣ የደበርጃን፣ የስኳር ድንች፣ የዱባና የከርከዴ ይሆናል። የሰላጣ ዘር የአፈሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ስለማይበቅል፣ በሞቃት ጊዜ የሚዘራ ሰው በዕቃ ዘርቶ እስኪበቅል ድረስ በቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ጥግ ያስቀምጠው።

በሐረር ውሃ እስካለ ድረስ ጎመንና ቆስጣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይበቅላሉ። ቲማቲምና ድንች ግን በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ቅጠላቸውን በሚያጠቁር የሻጋታ በሽታ ስለሚጠቁ፣ ቲማቲሙን ዝናቡ ሲያባራ እንዲያብብ አድርጎ መትከል ይመረጣል።

ቲማቲሜ ያብባል፤ አበባው ግን ሳይዝ ይረግፋል። ለምን?

በአብዛኛው ከሙቀት ነው። ቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስና ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር የአበባው ዱቄት ስለሚጎዳ ፍሬ አይያዝም፤ ማዳበሪያ መጨመር ደግሞ ቅጠሉን ያበዛዋል እንጂ አይፈውሰውም። መፍትሔው የሚያብብበትን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ማድረግና ከሰዓት በኋላ ጥላ መስጠት ነው። እንደ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ያሉ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ለቆላማ አካባቢ የታወቁ ናቸው። ፍሬው ተይዞ ታቹ ከጠቆረ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውሃው አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ስለሚጠፋ ተክሉ ካልሲየም ወደ ፍሬው ማድረስ አቅቶት ነው።

አፈሬ ጥሩ መሆኑን እንዴት ላውቅ?

ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው፣ በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አፈር ጨምሮ በውሃ መሙላትና በደንብ ነቅንቆ ለአንድ ቀን ማሳደር ነው፤ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ተደራርቦ ስለሚታይ የየአንዳንዱ መጠን በዓይን ይለያል። ሁለተኛው፣ በደረቅ አፈር ላይ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው፤ ቢፈላና አረፋ ቢያወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ በድሬዳዋ ይህ የተለመደ ነው።

አሸዋማ አፈር ውሃ አይዝም፣ ሸክላ አፈር ውሃ አያሳልፍም፤ የሁለቱም መድኃኒት ብስባሽ ነው። የወጥ ቤት ቅጠላ ቅጠል፣ የቡና አተላና ደረቅ ቅጠል ከፍየል በጠጥ ጋር ተደራርቦ፣ እርጥበቱ ተጠብቆና በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። በሁለቱም ከተሞች በብዛት የሚገኘው የጫት ገራባም ቢከታተፍ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ጫቱ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችልም ለቅጠላ ቅጠል መደብ በሚውል ብስባሽ ውስጥ ባይገባና ለዛፍ ሥር ቢውል ይሻላል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል። አመድን በየጊዜው መሬት ላይ መድፋትም በኖራማ አፈር ላይ ጉዳት አለው፤ አመድ ራሱ ኖራነት ስላለው የነበረውን ችግር ያብሰዋል።

ውሃ ምን ያህልና እንዴት ላጠጣ?

አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በሞቃትና ደረቅ ወቅት በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ሊትር ውሃ ያተናል። አራት ካሬ ሜትር ብቻ በቀን ቢያንስ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ስለሚፈልግ፣ ያንን ከየት እንደሚያመጣ ያላሰበ ሰው ስምንት ካሬ ሜትር መቆፈር የለበትም። ትንሽና የለመለመ መደብ ከሰፊና ከጠወለገ መደብ ይበልጣል።

ውሃውን የሚቀንሱት ሦስት ነገሮች ጥላ፣ ጉዝጓዝና የአጠጣጥ ሰዓት ናቸው። የተከታተፈ የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ሣር ወይም የዛፍ ቅጠል በአፈሩ ላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሲጎዘጎዝ አፈሩ አይግልም፣ አረምም ይቀንሳል፤ ከተክሉ አንገት ግን ትንሽ ራቅ ማለት አለበት። ማጠጣት ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ፣ ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ይሁን። ለዛፍ ችግኝ በክዳኑ ላይ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቂጡ ተቆርጦ፣ ተዘቅዝቆ ከሥሩ አጠገብ ቢተከልና በውሃ ቢሞላ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል።

የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት በጀበናና በማፍያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በአትክልት ዕቃ አፍ ላይም ይወጣል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብቻ የሚጠጣ ዕቃ ውስጥ ጨው ይከማቻል፤ በወር አንድ ጊዜ ከታች በደንብ እስኪፈስ አጥግቦ ማጠጣት ያጥበዋል። ሎሚና ዘይቱን አዲሱ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ኖራ ብረትን እንዳያገኙ ከልክሏቸዋል ማለት ነው፤ ብስባሽ፣ የዝናብ ውሃና ለኖራማ አፈር የተዘጋጀ የአይረን ማዳበሪያ ይረዷቸዋል። የዝናብ ውሃ ስለዚህ ለተክል ከቧንቧው ይሻላል፤ 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር ገደማ ይጠራቀማል።

አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ያለ ሥጋት ይሰጣል። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ግን በረኪና ወይም ብዙ ዱቄት ሳሙና ካለበት አይሰጥ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለዛፍ ሥር ሊውል ይችላል፣ ጥሬው ለሚበላ ቅጠል ግን ፈጽሞ አይሆንም።

የአትክልት ስፍራ ትንኝ አያመጣም?

ተክሉ ራሱ አያመጣም፤ የተጠራቀመው ውሃ ግን ያመጣል። ይህን በቀላሉ ማየት አይገባም። በድሬዳዋ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ ተከስቷል፤ በ2022 በከተማዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው፣ በከተማ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ከምትራባ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትራባው በበርሜል፣ በጎማና በሳህን ውሃ ነው። ስለዚህ ሮቶና በርሜል ሁልጊዜ በጥብቅ ይከደን፣ ክዳን ከሌለው በወንፊት መሰል ጨርቅ ይታሰር፤ ከዕቃዎች ሥር የሚቀመጥ ሳህን በአሸዋ ይሞላ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደፋ፤ ውሃ የሚቋጥር ባዶ ጣሳና ጎማ ከግቢ ይውጣ። የውሃ ማጠራቀሚያውን መክደን የማይችል ሰው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሙን ቢተወው ይሻላል።

ተባይን ያለ ኬሚካል መከላከል ይቻላል?

በቤት ግቢ አብዛኛውን ይቻላል፤ የሚበላ ነገር ላይ ደግሞ መሞከር ግዴታ ነው። በድሬዳዋ መንገዶች ዳር በብዛት የሚታየው ኒም ለዚህ የተሰጠ ሀብት ነው። የደረቀ የኒም ፍሬ ተፈልፍሎ ውስጡ ይወቀጣል፤ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በጨርቅ ተጠልሎ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ከተጨመረበት በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ በቅጠሉ ላይና ታች ይረጫል። የተዘጋጀው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ በየሳምንቱም ይደገማል። ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን ይቀንሳል። የተረጨ ቅጠል ጥቂት ቀን ቆይቶና በደንብ ታጥቦ ይበላል፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን ኒምን ባይጠቀም ይሻላል።

በደረቅና ሞቃት ወራት ከቅጠል በታች ስስ ድር የሚሠሩት ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች በውሃ ጠንከር ተደርገው ሲታጠቡ ይቀንሳሉ። በቲማቲም ቅጠል ውስጥ መንገድ እየቆፈረ የሚሄደው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ሲታይ የተነካው ቅጠል ወዲያውኑ ተለቅሞ በላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨመር። የፍሬ ዝንብ ያረፈበት ዘይቱንና ማንጎ ከመሬት በየቀኑ ካልተለቀመ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ለቀጣዩ ዙር ይዘጋጃል።

የወጥ ቤት ቅመሞችን ለጌጥ መጠቀም ይቻላል?

ከሁሉ የሚቀሉት እነርሱ ናቸው። ሮዝመሪ እንደ አጭር አጥር ይከረከማል፤ የተቆረጠው ለጥብስ ይሆናል። በሶብላ ከማበቡ በፊት ጫፉ ከተቀነጠሰ ይበልጥ ይሰፋል፤ ጥቂቱን ግን አብቦ ለንብ መተው ለዱባና ለሀብሃብ ፍሬ ይረዳል። ናና በእርጥብ ጥላ ይስማማዋል፤ በዕቃ ካልተወሰነ ግን መደቡን ሁሉ ይወርሰዋል። ጤና አዳም የሰማያዊ ቃና ያለው ቅጠሉ ከሌሎቹ ይለያል፤ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል፤ ጭማቂው ፀሐይ ላይ ቆዳ ሊያቆስል ስለሚችል ሲቆረጥ ጥንቃቄ ይደረግ። እነዚህን በር አጠገብና በመተላለፊያ ዳር መትከል ይበጃል፤ የሚያልፍ ሰው ልብስ ሲነካቸው ያሸታሉ።

ከሚበሉት ጋር መተከል የሌለባቸው ተክሎች አሉ?

አሉ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ። ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ኦሊያንደር ሁለመናው መርዝ ነው። የጉሎ ፍሬ፣ የአስተናግር ዘርና ቅጠል ሕይወት ያጠፋሉ። በአካባቢያችን ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚያወጣው ነጭ ወተት ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ልጆች «ከዚህ ግቢ የሚበላውን ቀጥፉ» ተብለው በሚያድጉበት ቤት እነዚህ ተክሎች ቦታ ሊኖራቸው አይገባም።

አትክልቱ ሲለቀም ግቢው ባዶ እንዳይመስል ምን ይደረግ?

ሙሉ መደብ በአንድ ቀን ተዘርቶ በአንድ ቀን ሲነቀል ባዶነቱ ይጎላል። ሰላጣና ካሮት በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዘራ፤ ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ሳይነቀሉ የውጪ ቅጠላቸው ብቻ ይቀጠፍ። ነቅለው ለሚበሏቸው አትክልቶች ከኋላ ያለውን ቦታ፣ ቀጥፈው ለሚበሏቸው ከፊት ያለውን ይስጡ። ስኳር ድንች ባዶ መሬትን በቅጠሉ ፈጥኖ ይሸፍናል።

ችግኝ ስገዛ ምን ልመልከት?

ረጅሙን ሳይሆን ግንዱ ወፈር ያለውን ይምረጡ። ከላስቲኩ ታች ሥሩ ወጥቶ የተጠማዘዘ ችግኝ በላስቲኩ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ ከተተከለም በኋላ ሥሩ እንደተጠቀለለ ሊቀር ይችላል። የተዳቀለ ነው የተባለ ማንጎ ወይም አቮካዶ ከግንዱ ዝቅተኛ ክፍል ላይ የመጋጠሚያው ምልክት በግልጽ መታየት አለበት፤ ሲተከልም መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይሁን። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ወይም ድር ካለበት ወደ ግቢዎ ባያስገቡት ይሻላል። የተገዛው ችግኝ ለጥቂት ቀናት በግቢዎ ጥላ ውስጥ ቆይቶ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ይተከልና ለሁለት ሳምንት ያህል በስተምዕራብ በኩል በኬሻ ወይም በቅጠላም ቅርንጫፍ ይከለል።